ጢስ የሌለው ጢስ ዓባይ፦ የጣና ውኃ በበጋ ወዴት ይውረድ?

የክርክሩ ጭብጥ፦ ክረምቱ ካለፈ በኋላ ከጣና የሚወጣው ውኃ ቅድሚያ ለማን ይሰጥ? ለጢስ ዓባይ ፏፏቴ ወይስ ለጣና በለስ የኃይል ማመንጫ? ስለ ፏፏቴው የሚከራከረው የጢስ ዓባይ ከተማ ተወላጅ የሆነ አስጎብኚ ነው። ስለ ተርባይኑ የሚሟገቱት ዕድሜያቸውን በማመንጫ ጣቢያ ያሳለፉ ጡረተኛ ናቸው።

አስጎብኚው፦

የጥምቀት ሰሞን ነው። ጎንደር አክብረው የተመለሱ እንግዶች ይዤ የአላታን ድልድይ ተሻገርን። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራው ያ የድንጋይ ድልድይ እንደሆነ ዛሬም አልከዳንም። ዳገቱን ወጥተን ስንቆም አንዲት ከአዲስ አበባ የመጡ እናት ዘወር አሉና «ልጄ፣ ፏፏቴው በየት በኩል ነው?» አሉኝ። ፊት ለፊታቸው ነበር።

ገደሉ ከ40 ሜትር በላይ ቁመት አለው። በክረምት መውጫ ውኃው እስከ 400 ሜትር ተንጣሎ ሲወርድ ጢሱ ከሩቅ ይታያል፤ ስሙንም ያገኘው ከዚሁ ነው። እንግዳ ግን በነሐሴ ጭቃ አይመጣም። የሚመጣው ለገና፣ ለጥምቀት ነው። ያን ጊዜ የሚታየው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ውኃው በአንድ ጥግ እንደ ነጠላ ጥበብ ቀጥኖ ይወርዳል። የአንድ ብሩን ኖት ምስል በልባቸው ይዘው ለመጡ ሰዎች ምን ብዬ ላስረዳ?

እኔ ልጅ ሳለሁ በሚያዝያ ፀሐይ ከብት ስንጠብቅ ካፊያው እየመታን ይበርደን ነበር። በ1988 ዓ.ም. ጣና መውጫ ላይ የጨረጨራ ግድብ ተሠራ፤ በ1993 ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ መጣ፤ በ2002 ደግሞ ጣና በለስ ሐይቁን በሌላ ጎኑ ሸነቆረው። ለፏፏቴው የተረፈው ትርፍራፊ ነው። ሸንኮራ ሻጯም፣ ታንኳ ቀዛፊውም፣ እኔም ያንኑ ትርፍራፊ እንካፈላለን።

ጡረተኛው፦

ልጄ፣ ካፊያውን እኔም ቀምሼዋለሁ። የአንድ ብር ኖቱን ግን ተወው፤ እሱም ሳንቲም ሆኗል።

በ1956 የተከፈተው አንደኛው ጣቢያ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። የባሕር ዳርን ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ያንቀሳቀሰው እሱ ነው፤ ያኔ ዓባይ ለፋብሪካውም ለፏፏቴውም ተርፏል። ሁለተኛው 73 ሜጋ ዋት ሲጨመር ውኃው ማነሱን አልክድም። ታዲያ በለስ ለምን ተሠራ? ኃይል የሚገኘው ከውኃው ብዛትና ከሚወርድበት ከፍታ ነው። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ በጢስ ዓባይ ብታወርደው ቁልቁለቱ 50 ሜትር ገደማ ነው። ያንኑ ውኃ በዋሻ ወደ በለስ ብትሰደው ከ300 ሜትር በላይ ይወርዳል። ስድስት እጥፍ ማለት ነው! 460 ሜጋ ዋት የተተከለው በዚህ ሒሳብ ነው። ውኃውም ተርባይን ካዞረ በኋላ አይባክንም፤ በለስ ወንዝ ይገባል፣ እርሻ ያጠጣል፣ የተረፈው ታች ዓባይን ይቀላቀላል። አንተ በገደል ጣለው የምትለኝ ለፎቶ ነው።

አስጎብኚው፦

ለፎቶ ሳይሆን ለእንጀራ ነው፣ ጋሼ።

ደግሞ ታች ከተቀላቀለ በፏፏቴውም ቢሄድ መድረሻው ያው ህዳሴ ሐይቅ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 የተመረቀው ያ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ነው። በ1990ዎቹ «አገር ጨልማለች፣ ታገሡ» ስንባል ታገሥን። ዛሬም ያው መልስ ነው? ዓሣውንም አይርሱ፤ በዓለም ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ዓሦች ለብቻቸው የበቀሉት ፏፏቴው አጥር ስለሆናቸው ነው።

ጡረተኛው፦

አጥሩ ገደሉ ነው እንጂ ውኃው አይደለም፤ ገደሉን ማን ነካው? በዚህ አትረታኝም።

ህዳሴን ያነሣኸው ግን ይከብዳል። እኔም ለልጆቼ ስናገር «አሁን እንኳ በለስ ቢተነፍስ» ብያለሁ። ቢሆንም የጨረጨራን በር መክፈት ቧንቧ እንደ መክፈት አይደለም። ከዚያ እስከ ፏፏቴው 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ጠዋት የለቀቅኸው ውኃ እንግዳህ ምሳ ላይ ሳለ አይደርስልህ ይሆናል። በመካከል ልብስ የምታጥብ አለች፣ ከብት የሚያሻግር አለ። ውኃ በድንገት ሲሞላ ምን እንደሚሆን ለወንዝ ዳር ልጅ አልነግርም።

አስጎብኚው፦

እኔ መቼ የጨረጨራ በር ይከፈት አልኩ? ከጣና የሚለቀቀው ጥቂት ውኃ እኛ ዘንድ ይደርሳል። የጢስ ዓባይ ጣቢያ በሚሠራበት ቀን ግን ገደሉ አፍ ላይ ሊደርስ ሲል በቦይ ይጠለፍና ፏፏቴውን ዞሮ ተርባይን ይገባል። የእኔ ጥያቄ ያ ቦይ ነው። ቀን እንግዳ ባለበት ሰዓት ይዘጋ፤ ማታ ሁሉም ቤት መብራት ሲያበራ ይከፈት። ከጣና አንዲት ጣሳ አልጨመርኩም።

ጡረተኛው፦

ይህን ከመነሻው ብትለኝ እንዲህ ባልደከምን! ቦዩን መዝጋት የጣቢያው ሠራተኛ ሥራ ነው፤ እኔም ስንት ጊዜ ዘግቻለሁ። በየቀኑ ማሽን ማቆምና ማስነሣት ግን ብረቱን ይጎዳዋል፤ ይህ የእጄ ሥራ ስለሆነ አታስተባብለኝም። ቅዳሜና እሑድ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ይዘጋ ቢባል እፈርማለሁ። ከዚያ በላይ አትጠይቀኝ።

አስጎብኚው፦

እግዜር ይስጥልኝ። ጥምቀት ማክሰኞ ሲውልስ፣ ጋሼ?