ጡት ማበጥ የሆርሞን መዛባት ማስረጃ አይደለም

የወር አበባዋ ሊመጣ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጡቶቿ የሚከብዷትና ልብስ ሲነካቸው እንኳ የሚያሟት ሴት ምክር ብትጠይቅ፣ ከሁሉ ቀድሞ የምትሰማው «ሆርሞንሽ ተዛብቷል» የሚል ፍርድ ነው። ፍርዱን የምትሰጠው ጓደኛ ልትሆን ትችላለች፤ በማኅበራዊ ሚዲያ ሆርሞን ያስተካክላል እያለ ሻይና ክኒን የሚሸጥ ነጋዴም ሊሆን ይችላል። በዚህ ምክንያት ሴትየዋ ከሕመሙ በላይ ሰውነቴ ተበላሽቷል የሚል ፍርሃት ይዛ ትኖራለች። ይህ ፍርሃት በአብዛኛው መሠረት የለውም፤ በፍርሃቱ ላይ የቆመው ገበያም ያስቆጣኛል።

ሰውነት በእነዚያ ቀናት የሚሠራውን እንመልከት። በወር አበባ ዑደት አጋማሽ ገደማ እንቁላል ከወጣ በኋላ፣ እንቁላሉ የተለየው ከረጢት ወደ ጊዜያዊ ዕጢነት ተለውጦ ለሁለት ሳምንት ያህል ፕሮጄስትሮንና ኢስትሮጅን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ያመነጫል። ኢስትሮጅን የወተት ቱቦዎችን፣ ፕሮጄስትሮን ደግሞ ወተት የሚመነጭባቸውን ጥቃቅን ክፍሎች ያነቃቃል። ወደ ጡት የሚሄደው ደም ይጨምራል፤ በሕብረ ሕዋሱ ውስጥ ፈሳሽ ይጠራቀማል። የሚገርመው የማህፀን ግድግዳ በፍጥነት የሚያድገው በዑደቱ የመጀመሪያ አጋማሽ ሲሆን፣ የጡት ሕዋሳት ግን ይበልጥ የሚባዙት በሁለተኛው አጋማሽ ነው። ሊመጣ ይችላል ተብሎ ለሚጠበቅ እርግዝና ጡት በየወሩ ይሰናዳል። እርግዝና ሳይፈጠር ሲቀር ያ ጊዜያዊ ዕጢ ይከስማል፤ ሁለቱም ሆርሞኖች ይወርዳሉ፤ የወር አበባ ይመጣል፤ እብጠቱም ይቀንሳል። በዚህ ሁሉ ውስጥ የተበላሸ ነገር የለም። እንዲያውም ከወር አበባ ጋር የሚመጣና የሚሄድ እብጠት ሆርሞኖቹ በየተራቸው እየወጡና እየወረዱ መሆናቸውን ያሳያል።

«ታዲያ አንዷን እያመማት ሌላዋን ለምን አያማትም?» የሚለው ተገቢ ጥያቄ ነው። ከዑደት ጋር የተያያዘ የጡት ሕመም ያለባቸው አብዛኞቹ ሴቶች ደማቸው ሲመረመር የሆርሞን መጠናቸው ሕመም ከሌለባቸው የተለየ ሆኖ አይገኝም። ልዩነቱን የሚያመጣው የጡቱ ሕብረ ሕዋስ ለዚያው ለተለመደው መጠን የሚሰጠው ምላሽ እንደሆነ ይታሰባል። ለዚህም ነው ለጡት ሕመም ብቻ ተብሎ የሚደረግ የሆርሞን ምርመራ አብዛኛውን ጊዜ የማይጠቅመው። ፕሮጄስትሮን ከእንቁላል መውጣት በፊት እጅግ ዝቅተኛ ሲሆን ከዚያ በኋላ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። በዘፈቀደ በተመረጠ ቀን ደም ሰጥታ «ፕሮጄስትሮንሽ አንሷል» የተባለች ሴት፣ ምናልባት የተመረመረችው ማነስ በሚገባው ቀን ነው። በዚያ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ የሆርሞን ቅባት ወይም ክኒን መሸጥ በእኔ ዓይን ሕክምና አይደለም።

ይህን ስል ግን ሕመሙን ማቃለሌ አይደለም። «የሴትነት ዕጣ ነው፣ ቻዪው» የሚለው መልስም «ሆርሞንሽ ተዛብቷል» እንደሚለው ፍርድ ይጎዳል። በሆዷ መተኛት ያቃታት፣ ልጇን ስታቅፍ የምትሳቀቅ፣ ደረጃ ስትወርድ ጡቷን በእጇ የምትደግፍ ሴት እርዳታ ይገባታል። እርዳታውም አለ። በልክ የተመረጠና ጡትን አጥብቆ የሚደግፍ ጡት መያዣ፣ ሕመሙ በሚበረታባቸው ቀናት ሌሊትም ቢሆን ማድረግ ብዙዎችን ያሳርፋል። ዲክሎፌናክ ያለበት የሚቀባ ማስታገሻ፣ ወይም ለጤናዋ የሚስማማት ከሆነ አይቡፕሮፌን ወይም ፓራሲታሞል ይረዳል። ሕመሙ የተጀመረው ሆርሞን ያለበት የወሊድ መከላከያ መውሰድ ከጀመረች ወዲህ ከሆነ፣ ዓይነቱን ስለ መቀየር ከባለሙያ ጋር መነጋገር ትችላለች። በብዛት የሚመከሩት ቡና መተውና ከአበባ ዘር የሚጨመቀው የኢቭኒንግ ፕሪምሮዝ ዘይት ግን የሚያሳምን ማስረጃ አልተገኘላቸውም። ለጠናው ሕመም እንደ ታሞክሲፌንና ዳናዞል ያሉ መድኃኒቶች ቢኖሩም የጎንዮሽ ጉዳታቸው ቀላል ስላልሆነ የሚሰጡት በሐኪም ክትትል ብቻ ነው።

የሆርሞን ችግር ጨርሶ የለም ማለቴም አይደለም። የወር አበባ ለወራት ሲቀር፣ ወይም ያላረገዘችና የማታጠባ ሴት ከጡቷ ወተት ሲወጣ፣ ወተት እንዲመነጭ የሚያደርገውን ሆርሞን ፕሮላክቲንንና በአንገት ያለውን የታይሮይድ ዕጢ መመርመር ያስፈልጋል። እንዲህ ያለ ምልክት ሲኖር ምርመራው የሚመልሰው ግልጽ ጥያቄ አለው።

በእኔ እምነት ሐኪም ቤት የምትሄድ ሴት ከሁሉ በፊት ልትጠየቅ የሚገባት ስለ ቀኑ ነው። መቼ ጀመረሽ? መቼ ተወሽ? በአንዱ ጡት ነው ወይስ በሁለቱም? ለሁለትና ሦስት ዑደት ሕመሙን በየቀኑ በማስታወሻ ብትመዘግብ፣ ያ ወረቀት ከብዙ የደም ምርመራ የበለጠ ይናገራል። ሁለቱንም ጡት የሚይዝ፣ ከወር አበባ በፊት ጨምሮ ሲመጣ የሚቀል ሕመም ብቻውን የካንሰር ምልክት የሚሆነው ከስንት አንዴ ነው። ጡትን በእጅ ለመፈተሽም የሚመረጠው የወር አበባ ካበቃ በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ናቸው፤ ያኔ እብጠቱ ስለሚቀንስ በእጅ የሚዳሰሰው ይለያል። በመግነጢስ የሚነሳው የጡት ምስል፣ ኤምአርአይም ቢሆን፣ የሚያስቸኩል ነገር ከሌለ በዑደቱ ሁለተኛ ሳምንት እንዲነሳ የሚመረጠው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። የወር አበባ ካለፈ በኋላም የማይጠፋ ጠጣር እብጠት፣ በአንድ ቦታ ብቻ የሚቆይ ሕመም፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ መሆን፣ ወደ ውስጥ የገባ የጡት ጫፍ፣ ከጫፉ የሚወጣ ደም ወይም በብብት ሥር ያለ እብጠት ያየች ሴት ግን የሚቀጥለውን ዑደት ሳትጠብቅ ትመርመር።