ለኤትረታው ክቡር ጎዬላን፦ የድንቼን ጉዳይ ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎን የምጠይቀው ለወግ ያህል ነው። ትናንት አንድ ሙሉ ካርቶን ድንች ጥብስ ከእጄ ነጥቆ የበረረ፣ ፈረንሳዮች ጎዬላን የሚሉት ትልቅ ነጭ የባሕር ወፍ ምን ይሆናል?

ካላስታወሱኝ፣ በፈረንሳይዋ ትንሽ ከተማ በኤትረታ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ነጩን ገደል አፌን ከፍቼ ሳይ የነበርኩት ሐበሻ ነኝ። ከፓሪስ እስከ ሌ ሃቭር በባቡር፣ ከዚያ በአውቶቡስ የመጣሁት ለእሱ ነው። ገደሉ ዝሆን ኩምቢውን ባሕር ውስጥ የነከረ ይመስላል ይላሉ። ሠዓሊው ሞኔም እየተመላለሰ ሥሎታል። እኔም «እውነትም ዝሆን!» ከማለቴ እርስዎ ከኋላዬ መጡ።

ቀኑን ልብ ይበሉልኝ፤ ረቡዕ ነበር። ኤትረታ ባለችበት በኖርማንዲ አውራጃ ደግሞ ቅቤና ክሬም ያልነካው ምግብ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነው። ከሦስት ምግብ ቤት ወጥቼ ያገኘሁት የጾም ምግብ ያ ድንች ብቻ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ እኮ ዓሣ ይዞ ነበር! የባሕር ወፍ ዓሣ ትቶ የጾመኛ ድንች ሲመርጥ ምን ይባላል?

አዲስ አበባ ልጅ ሆኜ ሥጋ ቤት ስላክ፣ ጭልፊት እንዳይነጥቀኝ ፌስታሉን አቅፌ ነበር የምሮጠው። ጭልፊት ግን ሌባ መሆኑን ያውቃል፤ ነጥቆ ይሰወራል። እርስዎ ሁለት እርምጃ ርቀው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ በሉ። ኬቻፕ የለም ወይ የሚሉ ነበር የሚመስሉት።

ለሻጯ አቤት ብላት ሳቀችብኝ። «በሕግ የተጠበቀ ነው» አለች። ልክ ናት፤ በፈረንሳይ እርስዎን መጉዳትም ሆነ እንቁላልዎን መስበር ክልክል ነው። ከባሕሩ ዳር ጠጠር መውሰድም ያስቀጣል። የጠጠሩስ ይገባኛል፤ ማዕበሉን ሰብሮ ከተማዋን ያድናል። እርስዎ ማንን አድነው ነው? ወፉም ጠጠሩም ጠባቂ አላቸው። ባለቤት ያጣው የእኔ ድንች ነው።

ንዴቴ እስኪበርድ ብዬ አሞን ወደሚባለው ገደል ወጣሁ። እዚያ «ለነጭ ወፍ» የቆመ መታሰቢያ አለ ሲሉኝ ክው አልኩ። ሐውልትም ቆመልዎ? ለካ አውሮፕላን ኖሯል። ኑንጌሴርና ኮሊ የሚባሉ አብራሪዎች በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1927 ከፓሪስ ወደ ኒው ዮርክ ሲነሡ፣ ከፈረንሳይ ምድር የወጡት በዚህ ገደል ላይ አልፈው ነው። የገቡበት አልታወቀም። ባርኔጣዬን አውልቄ ዝም ብዬ ቆምኩ። ቀና ስል፣ ከጎን ካለችው የእመቤታችን ጸሎት ቤት ጣራ ላይ አንድ ነጭ ወፍ ምንቃሩን ይጠርጋል። እርስዎ ነዎት አልልም። የጠገበ ግን ይመስል ነበር።

የድንቹን ገንዘብ አልጠይቅም። ነገ ዓርብ ነው፤ ያው ድንች ነው የምገዛው። ጃንጥላ ዘርግቼ እንደምበላ ግን ከወዲሁ አሳውቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
ባለ ድንቹ