ካልሲህንም አውልቅ

ሜልቦርን ውስጥ ኮፍያ ሳያደርግ የመጣ ተማሪ በእረፍት ሰዓት ሜዳ ላይ አይሮጥም፤ ጥላ ስር ይቀመጣል። ሕጉ «ኮፍያ ከሌለ ጨዋታ የለም» ነው። ፈረንጅ ሲያካብድ ነው እንዳትሉ። አውስትራሊያ ውስጥ ከ3 ሰው 2ቱ 70 ዓመት ሳይሞላቸው የሆነ ዓይነት የቆዳ ካንሰር ይገኝባቸዋል።

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር የፀሐይ ጨረርም ይበረታል። ግን ቀትር ላይ ጣና ዳር የሚያልፉትን እናቶች እዩዋቸው። ጃንጥላ፣ ነጠላ፣ እስከ ቁርጭምጭሚት የወረደ ቀሚስ። የአውስትራሊያ መንግሥት በማስታወቂያ የሚለምነውን እነሱ ማንም ሳይነግራቸው ያደርጉታል። ጥቁር ቆዳም የራሱ መከላከያ አለው። መከላከያው የሌላቸው አልቢኒዝም፣ ማለትም ቆዳን የሚያጠቁረው ቀለም በተፈጥሮ እጥረት፣ ያለባቸው ወገኖቻችን ናቸው። ለእነሱ ሰንስክሪን (የፀሐይ መከላከያ ቅባት) መድኃኒት ነው፤ እኛ ጋ ግን ከሽቶና ከሊፒስቲክ ጎን ተደርድሮ በመዋቢያ ዋጋ ይሸጣል። ያሳፍራል።

ለሌሎቻችን የቆዳ ካንሰር ብርቅ ነው። ጣጣው ብርቅ መሆኑ ነው፤ ማንም አይጠረጥረውም። ሜላኖማ የሚባለው ክፉው ዓይነት ጥቁር ሰው ላይ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ፀሐይ የማያገኘው ቦታ ላይ ነው፦ ውስጥ እግር፣ መዳፍ፣ ጥፍር ስር። ቦብ ማርሊን የገደለው ከእግር ጣቱ ጥፍር ስር የጀመረ ሜላኖማ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 ሲሞት ገና 36 ዓመቱ ነበር።

እዚያው ሜልቦርን ለቆዳ ምርመራ ሄጄ ሸሚዜን አውልቄ ቆምኩ። ሐኪሟ ጀርባዬን በአጉሊ መነጽር አይታ ስትጨርስ «ካልሲህንም አውልቅ» አለችኝ። የእግሬን ጣቶች አንድ በአንድ ፈልቅቃ አየች። ጎበዝ ናት። ግድግዳዋ ላይ ያለው ፖስተር ግን ከዳር እስከ ዳር ነጭ ቆዳ ነው። እሱን ያየ ጎጃሜ የራሱን ምልክት በምን ይለያል?

እዚህ አገር ቤት ደግሞ ካልሲ የሚያስወልቅም የለ። አጎቴ ባታቸው ላይ የልጅነት የእሳት ጠባሳ አላቸው። ዘንድሮ ስመጣ ጠባሳው ተከፍቶ፣ ዳር ዳሩ ጠጥሮ አገኘሁት። ወራት ሆኖታል። ቅጠል ታስሮበታል፣ የአምፒሲሊን እንክብል ተፈልቅቆ ተነስንሶበታል።

«ጋሼ፣ ሐኪም ይየው እንጂ» ብላቸው፣

«ቁስል እኮ ነው ልጄ፤ እግዜር ያደርቀዋል» አሉኝ።

አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ ላይና ዓመታት በቆየ ቁስል ላይ ካንሰር ሊነሳ ይችላል። ሁሉም አይለወጥም፤ ግን አልድን ያለ ቁስል መታየት አለበት። ውስጥ እግር ላይ እየሰፋ የሚሄድ ጥቁር ነጥብም እንደዚያው። ጥፍር ላይ የሚወጣ ጥቁር መስመር እኛ ላይ ብዙ ጊዜ ምንም አይደለም፤ አንድ ጣት ላይ ብቻ ወጥቶ እየሰፋ ከሄደ ግን አሳዩት።

በጊዜ ከተደረሰበት ሕክምናው ያን ያህል አያስፈራም። ቦታው ይደነዝዛል፤ እባጩ በዙሪያው ካለ ትንሽ ጤነኛ ቆዳ ጋር ተቆርጦ ይወጣል፤ ዳሩ ንጹህ መሆኑ በላቦራቶሪ ይታያል። ብዙ ጊዜ በዚያው ቀን ወደ ቤት ነው። ወደ ንፍፊት ከዘለቀ ግን ነገሩ ይከብዳል፣ ወጪውም እንደዚሁ።

አጎቴ በስንት ልመና ሄደው ናሙና ሰጥተዋል፤ ውጤቱን እየጠበቁ ነው። ጠበላቸውንም አልተዉም። ሐኪሙ የከለከላቸው አምፒሲሊን መነስነሱን ብቻ ነው።