ፍላሼን ፎርማት አድርጎብኝ ስለ ሴኪዩሪቲ አስተማረኝ

እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው ምጽፈው፣ ፊደል ብስት ይቅር በሉኝ። ያቺ 32 ጂቢ ፍላሽ፣ ቀይ ክር ያሰርኩባት፣ ከጅማ ዞን ከማናና ከጎማ ወረዳ ገበሬዎች ጋር ሦስት ወር ሙሉ የቀዳሁት ድምጽ ያለባት፣ እሷ ባዶ ናት። ዛሬ 8 ሰዓት ላይ የፕሪንት ቤቱ ሰውዬ ባዶ አደረጋት። ቫይረስ ላጥፋልሽ ብሎ!!

ሪፖርቴን ፕሪንት ማድረግ ነበረብኝ። መብራቱ ከማክሰኞ ጀምሮ ሲሄድ ሲመጣ ነው የሰነበተው፣ ዴስክቶፕ ደግሞ ተሸክመሽው አትሄጂም፣ በቴሌግራም ልላከው ብል ኔቱ አንዷን ፋይል ሲጎትት ጀበና ሦስቴ ይፈላል። ስለዚህ ጠዋት መብራት ስትመጣ ሪፖርቱን ቶሎ ብዬ ያቺው ፍላሽ ላይ ገለበጥኩ። ከመንቀሌ በፊት ክላም ኤቪ በሚባል ቫይረስ መፈተሻ ፈትሻታለሁ፣ ምንም አልተገኘባትም፣ ይቺን ያዙልኝ። ክላም ኤቪ የጫንኩት ለራሴ ማሽን ፈርቼ አይደለም፣ የዊንዶውስ ቫይረስ እኔ በዊንዶውስ ፈንታ የምጠቀመው ኡቡንቱ ላይ ቢመጣ መሮጫ የለውም፣ ተኝቶ ነው ሚቀረው። ግን ፍላሽ ላይ ቁጭ ብሎ የሰው ቤት ሊሄድ ይችላል። ለሰው ብዬ ነው ምፈትሸው። ለሰው!

ዝናቡን ታውቁታላችሁ። ባጃጅ ይዤ ያው የምታውቁት ፕሪንት ቤት ሄድኩ፣ ስሙን አልጠራም። ሰልፍ አለ። ፍላሼን ሰካው፣ ፎልደሮቼ በሙሉ ጥጋቸው ላይ ትንሽ ቀስት አበቀሉ። ሾርትከት ቫይረስ። ከኔ ፊት የነበረችው ልጅ ፍላሽ ላይም ያንኑ ቀስት በዓይኔ አይቻለሁ እኮ! እሱ ግን ወንበሩን አዙሮ፣ ሰዉ ሁሉ እየሰማ፣

"እህት፣ ፍላሽሽ በቫይረስ ተጨማልቋል። ቤት ምን አንቲቫይረስ ነው ምትጠቀሚው?"

"ኡቡንቱ ነው ምጠቀመው። ሊኑክስ።"

"እሱ አዲስ የወጣ አንቲቫይረስ ነው?"

"አይደለም፣ በዊንዶውስ ቦታ የሚጫን ነው። ኦፐሬቲንግ ሲስተም።"

"ባጭሩ አንቲቫይረስ የለሽም።" ከዛ ወደ ሰልፉ ዞሮ "አያችሁ፣ ማሽናችንን የሚበክሉብን እንዲህ አይነቶቹ ናቸው።"

ሰዉ ሳቀ። አዲስ የወጣ ይለኛል፣ ኡቡንቱ በፈረንጅ ከ2004 ጀምሮ ያለ ነገር ነው፣ ሊኑክስ ራሱ ከ1991። ይሁን፣ አለማወቅ ነውር አይደለም። እኔም ረጋ ብዬ፣ ወንድሜ ፋይሎቹ አልጠፉም፣ ቫይረሱ ሃይድ አድርጓቸው በቦታቸው ሾርትከት ነው ያስቀመጠው፣ ሲኤምዲ፣ ትእዛዝ መጻፊያውን፣ ክፈትና በአትሪብ ትእዛዝ እናውጣቸው አልኩት። ቤቴ ብትሆን እኮ ይሄም አያስፈልግም ነበር፣ ሊኑክስ ያንን የሃይድ ምልክት ከቁም ነገር አይቆጥረውም፣ ፋይሎቹ ፊት ለፊት ነው ሚታዩት፣ ቀስቶቹን ሰብስበሽ ትጥያለሽ፣ አለቀ።

"እህት፣ እዚህ ፕሪንት ነው ምንሰራው፣ ሀኪንግ አይደለም።"

ደግሞ ሳቁ። ከኋላዬ ጃንጥላ የያዙ አንድ አባት፣ ክፋት የለባቸውም ከልባቸው ነው፣ "ተይው ልጄ፣ የሚያውቀው ይስራልሽ" አሉኝ። እሱ ነው አንጀቴን የቆረጠው። አባቴ እኔም አውቃለሁ ልላቸው ዞር አልኩ፣ ስመለስ ራይት ክሊክ፣ ፎርማት፣ ኦኬ። በቃ። ሦስት ሰከንድ። "አሁን ንጹህ ነው" አለኝ። ንጹህ! ሳትጠይቀኝ? የሰው ዕቃ እኮ ነው፣ "ሌላ ቦታ ኮፒ አለሽ ወይ" ማለት ስንት ብር ያስወጣል? ሪፖርቱ ቤት አለ፣ ድምጹ ግን የነበረው እሷ ላይ ብቻ ነው፣ ቤት ያለው ሀርድ ዲስክ ሞልቶ። ኮፒ አለመያዜ የኔ ጥፋት ነው፣ ቀኑን ሙሉ ሲያንገበግበኝ የዋለው እሱ ነው።

ትምህርቱ የተጀመረው ከዛ በኋላ ነው። አንቲቫይረስ የሌለው ኮምፒውተር በር የሌለው ቤት ነው አለኝ። ዴስክቶፕሽን አምጪው፣ ዊንዶውስ 10 ከነአንቲቫይረሱ ከነክራኩ ልጫንልሽ አለኝ። ክራክ እኮ ማለት ሶፍትዌሩን ሳይከፍሉ ለመጠቀም የሚጫን፣ ማን እንደሰራው የማይታወቅ ነገር ነው፣ ሲጫን መጀመሪያ አንቲቫይረሱን አጥፉልኝ የሚል። ዘበኛውን አሰናብቶ ሌባውን በዋናው በር ማስገባት ምን ይባላል? ዊንዶውስ 10 ራሱ መደበኛ ድጋፉ በኛ አቆጣጠር ጥቅምት 4 ቀን 2018 አብቅቷል። የሱ ማሽን ደግሞ ጭራሽ ዊንዶውስ 7 ነው፣ ማይክሮሶፍት በፈረንጅ 2020 የተወው! ስክሪኑ ጥግ ላይ የአንቲቫይረሱ ቀይ ምልክት ጊዜዬ አልፏል እያለ ብልጭ ድርግም ይላል፣ እያየሁት ነው ሚመክረኝ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።

ዋናክራይ የሚባለው፣ ፋይል ቆልፎ ብር የሚጠይቀው ቫይረስ በፈረንጅ 2017 ግንቦት ዓለምን ሲያምስ እኮ ማይክሮሶፍት ቀዳዳውን የደፈነበትን አፕዴት ካወጣ ሁለት ወር ሆኖታል። የተበላው አፕዴት ያላደረገ ነው። የኔ ኡቡንቱ የሴኪዩሪቲ አፕዴቱን ኔት ባገኘ ቁጥር ራሱ ይጭናል፣ ሶፍትዌር የማመጣው ከራሱ ማከማቻ ነው፣ ፊርማው ተረጋግጦ፣ ከኔት ያወረድኩት ፋይል ፈቃድ ካልሰጠሁት አይነሳም፣ ሲስተሙን ልንካ የሚል ነገር ፓስወርዴን ይጠይቀኛል። ፋየርዎሉ፣ ከኔት ያለፈቃድ የሚገባውን የሚያግደው፣ አብሮ ይመጣል ግን ጠፍቶ ነው፣ ሱዶ ዩኤፍደብሊው ኢኔብል የሚለውን ትእዛዝ ጽፌ አበራሁት። ኡቡንቱን ስጭን ዲስኩንም ያለ ፓስወርድ እንዳይነበብ ቆልፌዋለሁ። በር የለሽም ይለኛል!

እና በር ያለው የሱ ቤት ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ዴስክቶፑ ላይ የማላውቀው ሰው ቴሌግራም ክፍት ነው፣ መልእክት ሲገባለት ድምጽ ያሰማል። ባለቤቱ ወጥቶ ሄዷል። የሰው መታወቂያ፣ የሰው ፓስፖርት፣ የሰው ዲግሪ ስካን ተደርጎ እዛው ተዘርግፏል። የሚመጣው ሁሉ ያያል። ሰው እንዴት አይደነግጥም? ባለፈው ለማመልከቻ የሄድኩበት አንድ ቢሮም፣ ፓስወርዱ ሞኒተሩ ላይ በፕላስተር ተለጥፎ፣ ከ1 እስከ 8 በተራ! እኔ ቆሜ እያነበብኩት ፀሐፊዋ ፋይልሽ በኦዲቲ፣ የዎርድ ባልሆነ የጽሑፍ ፋይል አይነት፣ ስለሆነ ለደህንነት ሲባል አንከፍተውም ብላ መለሰችኝ። ለደህንነት ሲባል።

ደግሞ እናንተ የግሩፑ ልጆች፣ ስነግራችሁ "ሊኑክስን ቫይረስ አይነካውም፣ አንቺ ምን አስጨነቀሽ" ያላችሁኝ፣ እናንተም አናዳችሁኛል። ማን ነው አይነካውም ያላችሁ? በፈረንጅ 2016 ሊኑክስ ሚንት የሚባለው ሌላው የሊኑክስ አይነት ድረ ገጹ ተሰብሮ፣ የሚወርደው አይኤስኦ፣ መጫኛው ፋይል፣ ሌባ በስውር የሚገባበት የጓሮ በር በተሰራበት ተቀይሮ ነበር። በ2024 ደግሞ ኤክስዜድ በሚባለው የሊኑክስ ፋይል ማመቂያ ውስጥ ያን ያህል ታስቦበት የተቀበረው ነገር የተገኘው አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ሰው በኤስኤስኤች፣ በሩቅ ኮምፒውተር መግቢያው፣ መግባት ግማሽ ሰከንድ ዘገየብኝ ብሎ ስለቆፈረ ነው። ግማሽ ሰከንድ! ቸል ቢለው ኖሮስ? አይነካኝም ብሎ የተኛና አንቲቫይረስ አለኝ ብሎ የተኛ ለኔ አንድ ናቸው። የማናዋ እናት ስለ ቡና የነገሩኝ ነው ትዝ ያለኝ፣ ቀዩን ለይተሽ ካልለቀምሽ፣ ማድረቂያ አልጋ ላይ ካላሰጣሽ፣ መሬት ላይ ሻግቶ ካደረ በኋላ ጥሩ ጀበና አያድነውም ብለውኝ ነበር። ያ ድምጽ ነው እንግዲህ ዛሬ ፎርማት የተደረገው።

ብር ሰጥቼው ወጣሁ። አዎ ከፈልኩት፣ ፕሪንት ላልተደረገ ወረቀት! "የቫይረስ ማጽጃ" ብሎ አስከፈለኝ። መከራከር አቃተኝ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ አባባ ጃንጥላቸውን ዘርግተው እስከ ባጃጁ ሸኙኝ።

ቤት ገብቼ ፍላሿ ላይ ምንም ሳልጽፍባት ፎቶሬክ የሚባለውን የጠፋ ፋይል መልሶ የሚያገኝ ፕሮግራም አስነሳሁ። እንዲህ የደረሰባችሁ ካላችሁ ምንም አትገልብጡባት፣ ፈጣን ፎርማት ማውጫውን እንጂ ዳታውን አያጠፋም። ፋይል እየወጣ ነው፣ ስማቸው ግን የለም፣ ኤፍና ቁጥር ብቻ ነው፣ አንድ በአንድ እየከፈትኩ ማን እንደሆነ በድምጽ ልለይ ነው። እስካሁን ከ14 ቃለ መጠይቅ 9 አግኝቻለሁ። አሥረኛው ተከፈተ፣ ዶሮ ይጮሃል፣ የማናዋ እናት ናቸው፣ "ተቀመጪ ልጄ ቡና ሳትጠጪ አትጠይቂኝም" ይላሉ። አለቀስኩ።

መብራት ብቻ እንዳትሄድ፣ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል ይላል። ሪፖርቱን ግን ነገ እስከ 6 ሰዓት አትሜ ማስገባት አለብኝ። እዚሁ ጅማ መርካቶም ይሁን ሂርማታም ይሁን ፈረንጅ አራዳ፣ ሰው ፍላሽ ሲሰጣቸው የማይበክሉና ሳይጠይቁ ፎርማት የማያደርጉ ፕሪንት ቤት የምታውቁ ጻፉልኝ፣ ዝናብም ቢሆን እሄዳለሁ።