ማስተካከያ፦ በቫል-ኦ-ማት «ገለልተኛ» እና «ዝለል» አንድ አይደሉም

ባለፈው ጀርመን ለምንኖር ሰዎች ስለ ቫል-ኦ-ማት ጽፌ ነበር፤ ለ38 ሐሳቦች መልስ ሰጥታችሁ ከየትኛው ፓርቲ ጋር እንደምትቀራረቡ በመቶኛ ስለሚያሳያችሁ የኢንተርኔት መጠይቅ። ሦስት ነገር አበላሽቻለሁ።

ትልቁ፣ «ገለልተኛ» የሚለውን መንካትና ጥያቄውን መዝለል ያው ነው ማለቴ ነው። ያው አይደለም! የዘለላችሁት ጭራሽ አይቆጠርም። «ገለልተኛ» ካላችሁ ግን ይቆጠራል፦ ፓርቲው «እስማማለሁ» ወይም «አልስማማም» ካለ አንድ ነጥብ ያገኛል፣ እሱም ገለልተኛ ከሆነ ሁለት። እኔ ራሴ የማላውቀው ጉዳይ በመጣ ቁጥር ገለልተኛ፣ ገለልተኛ እያልኩ ስነካ ቆይቼ፣ መጨረሻ ላይ ስሙን እንኳ ሰምቼው የማላውቅ ፓርቲ አናት ላይ ጉብ ብሎ አገኘሁት። የማታውቁትን ዝለሉት በቃ።

የፓርቲዎቹን መልስ ባለሙያዎች ይሞሉታል ያልኩትም ስህተት ነው። የፌዴራሉ የፖለቲካ ትምህርት ማዕከል ሐሳቦቹን ከወጣት መራጮችና ከባለሙያዎች ጋር ያዘጋጃል፣ መልሱን የሚሰጡት ግን ፓርቲዎቹ ራሳቸው ናቸው። ስለዚህ ከመቶኛው ይልቅ ሥር ያለውን የፓርቲውን ማብራሪያ አንብቡ። ሁለት ፓርቲ «እስማማለሁ» ብሎ ምክንያታቸው የሰማይና የምድር ያህል ሊራራቅ ይችላል።

ከ8 ፓርቲ በላይ በአንዴ ማወዳደር አይቻልም ያልኩት ደግሞ ያረጀ ወሬ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ቮልት የተባለው ፓርቲ ኮሎኝ ፍርድ ቤት ከከሰሰ በኋላ ቀርቷል።

ያለ ጀርመን ዜግነት የቡንደስታግ (የጀርመን ፓርላማ) ምርጫ ላይ ድምፅ መስጠት አይቻልም፣ መጠይቁን መሞከር ግን ማንም ይችላል። ባለፈው ይህን ያልኩት ልክ ነበር።