ይጎትታል፤ ሐረጎ ላይ ግን ይቆማል?

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ስለ ፒካፕ ጉልበት ብትጠይቁ «አይችልም» የሚላችሁ ሰው አታገኙም። የኮንክሪት ሚክሰር? ይጎትታል። ጀነሬተር? አብሽር፣ ይጎትታል። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ የያዘ ቦቴ? «ናፍጣ እኮ ነው፣ ያውም ፎር ባይ ፎር!» ይባልና ክርክሩ እዚያው ያልቃል።

መጎተቱንስ ይጎትታል። ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ ሽቅብ ሲወጣ የሚደክመው ሞተሩ ነው። ሞተር ሲያቅተው ይግላል፣ ይቆማል፣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ራዲያተሩ እስኪበርድ ይጠበቃል። ቢበዛ ቀኑ ይበላሻል። ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ሲወርድ የሚደክመው ግን ፍሬኑ ነው። ፍሬን ሲያቅተው ምን እንደሚሆን ለዚህ መንገድ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

እስቲ ሒሳቡን እንየው። ደሴ ከባህር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,900 ሜትር አትሞላም። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቁልቁለቱም በእኩል የተዘረጋ አይደለም፤ ሐረጎ ላይ በጠመዝማዛው ተጠቅልሎ ይጠብቃችኋል። አንድ ደብል ጋቢና ሰውና ዕቃ ጭኖ 2,500 ኪሎ ይመዝን እንበል። ከኋላው 1,500 ኪሎ ተሳቢ አለ። አራት ቶን ማለት ነው። አራት ቶን ከስድስት መቶ ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሰባ ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከፊሉን ነፋሱና ጎማው ይወስዱታል። የቀረውን ወይ ሞተሩ ይይዘዋል፣ ወይ የፍሬን ሸራው ይቃጠልበታል። ሦስተኛ አማራጭ የለም።

ለዚህ ነው በፎሌ የሚወርድ ሾፌር ሳይ የምናደደው። ናፍጣ ለመቆጠብ ተብሎ ማርሹ ይወጣል፤ አንዳንዱ እንዲያውም ሞተሩን ያጠፋል። ሞተሩ ሲጠፋ ፔዳሉን የሚያቀለው ሰርቮ ሁለት ሦስት እርግጫ ካስተናገደ በኋላ ያበቃለታል። ከዚያ ፔዳሉ እንደ ድንጋይ ይጠጥራል። በዚህ ላይ ሰርቮ የሚሠራው በአየር ግፊት ልዩነት ነው። ደሴ ከፍታ ላይ ያለው የአየር ግፊት ባህር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል፤ ስለዚህ ሞተሩ እየሠራም ቢሆን እገዛው በዚያው ልክ ይቀንሳል። የተቆጠበችው ናፍጣ ስንት ብር ታወጣለች? የአንድ ማኪያቶ ዋጋ አትሞላም።

የድሮ ሾፌሮች ደንብ ቀላል ነው። ዳገቱን ጭነህ በምትወጣበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ። ሁለተኛ ከሆነ ሁለተኛ። ሞተሩ ይጩህ፤ አይጎዳም፣ ነዳጅም አይበላም። በማርሽ ስትወርዱ ዘመናዊ ናፍጣ ሞተር ነዳጁን ራሱ ይዘጋል። ካምቢዮው አውቶማቲክ ከሆነም ማርሹን በእጅ ዝቅ ማድረጊያ አለው፤ ተጠቀሙበት። ፍሬኑን ደግሞ እግር አስደግፎ አለመውረድ ነው። ጠንከር አድርጎ ረግጦ ፍጥነቱን ማውረድ፣ ከዚያ ለቀቅ አድርጎ ማስተንፈስ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ ከመጣ ሰፊ ቦታ ፈልጎ መቆም እንጂ «ኮምቦልቻ ደርሰን እናየዋለን» አይባልም።

ቆመው ደግሞ የሚጨስ ጎማ ላይ በጀሪካን ውሃ የሚደፉ ረዳቶች አሉ። እባካችሁ ተዉ። የጋለ የፍሬን ታምቡር ድንገት ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል፣ ዲስክም ይጣመማል። ጊዜ ስጡት፣ ራሱ ይበርዳል።

ስለ ፍሬን ዘይትም አንድ ነገር ልበል። በኛ ሰፈር ዘይቱ ሲጎድል ይሞላል እንጂ ብዙም አይቀየርም። ዘይቱ ደግሞ ከአየር እርጥበት ይስባል። ዶት 3 የሚባለው የፍሬን ዘይት አዲስ ሳለ በመለኪያው መሠረት ሳይፈላ ቢያንስ 205 ዲግሪ መቋቋም አለበት። እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን መለኪያው ራሱ ወደ 140 ይወርዳል። ከዚያ በላይ ሲግል ዘይቱ ይፈላል፣ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይገባል፣ ፔዳሉ እስከ ወለሉ ይሰምጣል። «ፍሬን በጠሰ» ከሚባለው ውስጥ ስንቱ ምንም ያልተበጠሰበት እንደሆነ አስቡት።

አሁን ወደ ተሳቢው ልምጣ፤ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነው።

የቅርብ ጊዜዎቹ ባለ ቱርቦ ናፍጣ ሃይሉክስና ፎርድ ሬንጀር ተሳቢ እስከ 3,500 ኪሎ መጎተት ይችላሉ ይባላል። እውነት ነው። ሰው የማያነበው ከሥሩ ያለውን ነው። 3,500 የተባለው ተሳቢው የራሱ ፍሬን ሲኖረው ነው። ፍሬን ከሌለው ቁጥሩ 750 ኪሎ ይሆናል። ያው መኪና፣ ያው ሞተር፣ ያው ጋንቾ! ልዩነቱ የማቆም እንጂ የመጎተት አለመሆኑን አምራቹ ራሱ እየነገረን ነው። አውሮፓም ከ750 ኪሎ በላይ የሆነ ተሳቢ ያለ ፍሬን መንገድ አይወጣም። ደግሞም 3,500ው የፒካፑ የኋላ ጭነት ቦታ ሲሚንቶ ሲሞላ አይሠራም፤ መኪናውና ተሳቢው ተደምረው ሊያልፉት የማይገባ ሌላ ገደብ አለ። አሮጌዎቹ ቱርቦ የሌላቸው ፋይቭ ኤል ሃይሉክሶችማ በዚህ ጨዋታ ውስጥ የሉበትም። ደሴ ከፍታ ላይ ቱርቦ የሌለው ሞተር የጉልበቱን ሩብ ያህል አየሩ ይቀንስበታል።

እና እኛ የምንጎትተው ምንድን ነው? ባልዲ ያለው የሳይት ሚክሰር ባዶውን ከአንድ ቶን ይበልጣል። ብዙዎቹ ፍሬንም ባሌስትራም የላቸውም። የተሠሩትም ሳይት ውስጥ ቀስ ብለው እንዲሳቡ ነው፤ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ገደማ። እኛ ግን ስልሳ አድርገን ሐረጎ ላይ እናወርደዋለን።

ባለፈው ክረምት ኮምቦልቻ መግቢያ ላይ ጎማ ሊሞላ የቆመ ደብል ጋቢና አየሁ። ሚክሰር ይዟል። ጠጋ ብዬ ማያያዣውን ሳይ ፒኑ የታጠፈ ፌሮ ነው። ጫፉ እንዳይወጣ በጥቁር ሽቦ ታስሯል። የገባበት ቀዳዳ ተበልቶ ሞላላ ሆኗል፤ ጣት ያስገባል። ሰንሰለት የለም፣ በምትኩ የናይለን ገመድ ተጠምጥሟል። ረዳቱን «ይሄ ቢወልቅስ?» አልኩት። «አብሽር ጋሼ፣ ወልቆ አያውቅም» አለኝ። አልዋሸም። ወልቆ ቢያውቅ ኖሮ እዚያ ቆመን አናወራም ነበር።

በልኩ የተሠራ፣ መቆለፊያ ያለው ፒን ውድ ነገር አይደለም። ሰንሰለቱም ሁለት መሆን አለበት። ከጋንቾው ሥር ተሻግረው በመስቀለኛ ይታሰሩ። ማያያዣው ቢወልቅ ተሳቢው አፍንጫውን አስፋልቱ ላይ ሳይተክል ሰንሰለቱ ላይ ያርፋል። ኳስ ያለው ማያያዣ ከሆነ ደግሞ ኳሱ ላይ የታተመውን የክብደት ልክ አንብቡ።

በብየዳ ቤት የሚሠሩት ተሳቢዎች ነገር ለብቻው ይገርመኛል። ልጆቹ ጎበዞች ናቸው። ቱቦላሬውን ቆርጠው፣ ላሜራውን አልብሰው የሚያወጡት ሥራ ያስደስታል። አክስሉ አብዛኛውን ጊዜ ከተፈታታ አሮጌ መኪና የመጣ ነው። ጎንበስ ብላችሁ እዩት፤ ታምቡሩ አለ፣ አንዳንዴም ሸራው ጭምር አለ። የሚያዘው ግን የለም፤ ቱቦው ተቆርጦ ተጥሏል። ፍሬኑ ቤት ድረስ መጥቶ ሥራ ፈት ሆኖ ተቀምጧል! ተሳቢው ወደ ፊት ሲገፋ ጋንቾው ላይ ያለው ዘንግ ተጨምቆ ያንን ታምቡር እንዲይዝ ማድረግ የታወቀ ዘዴ ነው። ፒካፕ ለሚስበው ተሳቢ ዓለም ላይ በብዛት የሚሠራበትም ይኸው ነው። መልካም የፍሬን ባለሙያና መልካም በያጅ አብረው ከተቀመጡ የማይሠሩበት ምክንያት አይታየኝም። የሚያዝ ደንበኛ ነው የጠፋው። ደንበኛው የሚጠይቀው «ስንት ይጭናል?» ብቻ ነው።

ከተማ ውስጥ መኪና ማሳመር የሚወዱ ወጣቶችም እዚህ ጋ ይስሙኝ። መኪናውን ከፍ አድርጎ ትልልቅ ጎማ መግጠም ለጭቃና ለድንጋይ መንገድ ጥሩ ነው፤ ያምራልም። ለጉተታ ግን ተቃራኒው ነው። ጎማ ሲያድግ ያው ፍሬን የበለጠ ክብ መያዝ ይጠበቅበታል። ማርሹም የረዘመ ያህል ስለሚሆን ሞተሩ ቁልቁለት ላይ የሚይዘው ይቀንሳል። መኪናው ከፍ ሲል ደግሞ ጋንቾው ከፍ ይላል፣ የተሳቢው አፍንጫ ወደ ሰማይ ይቀናል፣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሸሻል። ፎር ባይ ፎሩም ፍሬን አይጨምርም። ደረቅ አስፋልት ላይ ሲፈለግ የሚገባና የሚወጣውን ፎር ባይ ፎር አስገብቶ ጠመዝማዛ መውረድ ካምቢዮውንና ዲፈረንሻሉን ማስጨነቅ ነው።

ክብደቱ ወደ ኋላ የሸሸ ተሳቢ ይወዛወዛል። መጀመሪያ በትንሹ ነው፣ መሪው ላይ ይሰማችኋል። ከዚያ እያደገ መኪናውን ራሱን ይዞ ይዞራል። መድኃኒቱ ከመነሳት በፊት ነው። የጭነቱ ከባዱ ክፍል ከአክስሉ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። የተሳቢው አፍንጫ ከጠቅላላ ክብደቱ አንድ አሥረኛውን ያህል መኪናው ላይ መጫን አለበት። እንዴት ይለካል ካላችሁ፣ እህል የሚሸጥበት ሁሉ ባስኩላ አለ። ተሳቢውን ከነጭነቱ ደልዳላ ቦታ አቁሙና አፍንጫውን በሚያያዝበት ከፍታ ባስኩላው ላይ አሳርፉት። ተሳቢው 1,500 ኪሎ ከሆነ 150 አካባቢ ማንበብ አለባችሁ። ሠላሳ ካለ ጭነቱን ወደ ፊት ግፉ። መንገድ ላይ መወዝወዝ ከጀመረ እግራችሁን ከነዳጅ አንሱ፣ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ በራሱ ይርገብ። ፍሬን አትደብድቡ። ነዳጅ ሰጥቶ ማምለጥማ አይታሰብ።

የውሃ ቦቴ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ግማሽ የሆነ ቦቴ ከሙሉው ይብሳል። ውስጡ ከፋፋይ ከሌለው ፍሬን ስትይዙ ውሃው ተንከባሎ ይገፋችኋል፣ ኩርባ ላይ ወደ ጎን ይሄዳል። ፒካፕ ኋላ ላይ ሮቶ ጭነው ውሃ የሚያመላልሱም ይህን ያውቁታል። ወይ ሞልቶ መሄድ፣ ወይ ባዶ።

«ታዲያ ምን እናድርግ? ክሬን ያለው አይሱዙ ለመከራየት ብሩ ከየት ይምጣ?» የሚለኝ ትንሽ ኮንትራክተር እንዳለ አውቃለሁ። ጥያቄው ትክክል ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ ሜዳው ላይ ከሳይት ሳይት በዝግታ፣ በቀን፣ በደህና ፒንና ሰንሰለት ይጎተት፤ አልከራከርም። ሐረጎን ግን ፍሬን የሌለው ከባድ ነገር በፒካፕ አይውረደው። ለዚያች አንድ ጉዞ ይጫን። ኪራዩ ሥራውን ሲወስድ ዋጋ ውስጥ ይግባ፤ የሲሚንቶ ማጓጓዣ ይገባ የለም እንዴ? ሚክሰር የሚያከራዩትም ቢሆኑ «እስከ ሳይት ማድረሻ» ብለው በዋጋቸው ቢያካትቱት ተከራዩ አጎቱን ፒካፕ አይለምንም ነበር።

ሾፌሩን ብቻ መውቀስም ቀላል ነው። ሾፌሩ ብዙ ጊዜ የታዘዘ ልጅ ነው፤ «አልጎትትም» ቢል ነገ ሌላ ይቀጠራል። መኪናው ለቦሎ ሲቀርብ ይመረመራል። እኔ የማያቸው ሚክሰሮችና ጀነሬተሮች ግን ታርጋ እንኳ የላቸውም፣ ስለዚህ የሚቀርቡበት ቦታ የለም። ደሴ መውጫ ላይ የቆመ ትራፊክ ፖሊስ የሾፌሩን መንጃ ፈቃድ ከሚያገላብጥ ይልቅ ሦስት ነገር ቢያይ እመርጣለሁ፦ ፒኑን፣ ሰንሰለቱንና የተሳቢውን የኋላ መብራት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። በክረምት ጭጋግ ሐረጎን ሲሸፍነው ስቶፕ የማያበራ ሚክሰር ከኋላው ለሚመጣው ግድግዳ ነው። ፌሮ ፒን ያለው ደግሞ ቅጣት ከሚቆረጥለት እዚያው ይቁም፤ ፒን ገዝቶ ይምጣ፣ ከዚያ ይሂድ።

አንዲት የቀረች ነገር አለችኝ። ዳገቱ መሃል ቆማችሁ ጎማ ሥር ድንጋይ ካደረጋችሁ፣ ስትነሱ ድንጋዩን አንሱት። የእንጨት ታኮ በገመድ አስራችሁ ብትይዙ ደግሞ ይሻላል፤ ረዳቱ ሮጦ ይስበዋል።