ሕዝቅያስ ለማን አለቀሰ?

ባለፈው ሳምንት እዚህ ጅማ፣ በወር አንዴ በምንገናኝበት የንባብ ክበብ አንድ እንግዳ ተናጋሪ መጡ። የሚቀጥለው ወር ርዕሳችን «የሂደት ፍልስፍና እና እግዚአብሔር» ነበር። ሰሌዳው ላይ ሲያዩት ፊታቸው ጠቆረ። «የሚለወጥ አምላክ የፈረንጅ ክህደት ነው፤ ለወጣት አይነገርም» አሉ። አስተባባሪዎቹም አላንገራገሩም። በዳስተር ጠረጉት።

«ፈረንጅ» ከምትለዋ ልጀምር። የሂደት ፍልስፍና አባት የሚባለው አልፍሬድ ኖርዝ ኋይትሄድ እንግሊዛዊ ነው፣ አዎ። እንግዳችን ግን «ፍጹም የሆነ አይለወጥም፤ ከተለወጠ ይጎድላል» እያሉ ሲሞግቱን ክርክሩን ከየት አመጡት? ከግሪካዊው ፈላስፋ ከፕላቶ ነው። ሁሉን የሚያንቀሳቅስ፣ ራሱ ግን የማይንቀሳቀስ አምላክስ? የአርስቶትል ነው። አቴንስ ከመቼ ወዲህ ነው የአጋሮ ጎረቤት የሆነችው?

ክህደትም አይደለም። ኋይትሄድ የቄስ ልጅ ነው። ዕድሜውን በሒሳብ ፈጅቶ ወደ ፍልስፍና የዞረው ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1918 አብራሪ የነበረው ልጁ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ተገደለበት። በ1929 ባሳተመው ዋና መጽሐፉ ደግሞ እግዚአብሔርን አብሮን የሚታመም፣ ሕመማችን የሚገባው ባልንጀራ ብሎታል። ይህ ክህደት ከሆነ ልቅሶ ቤት «እግዜር ያጽናህ» የምንል ሁሉ ከሃዲዎች ነን።

ሐሳቡ ያን ያህል አይከብድም። ዓለም የሁነቶች ፍሰት እንጂ የዕቃ ክምር አይደለም ይላል። ይህን የምጽፈው አያቴ በተወችልኝ የጅማ በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ፣ ባለ ሦስት እግር። ትናንት ዛፍ ነበር። መሐሉ ላይ ያለው ስንጥቅ ዘንድሮ ሰፍቶ ሱሪ መያዝ ጀምሯል። ዕቃ የምንለው ቀስ ብሎ የሚሆን ነገር ነው። እግዚአብሔር ደግሞ፣ እንደ ኋይትሄድ፣ ሁለት ገጽታ አለው። አንዱ ዘላለማዊና የማይናወጥ፣ ሌላው የዓለምን ደስታና ሥቃይ እየተቀበለ የሚሄድ። እንግዳችን ሁለተኛውን ብቻ ሰምተው ነው የጮኹት።

እሺ፣ የይሁዳውን ንጉሥ ሕዝቅያስን እንውሰድ። ትሞታለህ ተባለ። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ አለቀሰ። 15 ዓመት ተጨመረለት። ታዲያ ለማን ነው ያለቀሰው? ለግድግዳው? ምንም የማይነካው አምላክ እንባ አያይም፤ ማየት ራሱ መነካት ነው። ዘፍጥረት 6፥6 እግዚአብሔር «ተጸጸተ» ይላል። «እሱማ በሰው አነጋገር ነው» አሉን። ጥሩ። በሚልክያስ «አልለወጥም» ያለውስ በማን አነጋገር ነው? የሚመቸውን ቃል በቃል፣ የማይመቸውን በምሳሌ ማንበብ እኮ ማንም ይችላል። ሌሊት ነጠላዋን አጣፍታ ኪዳን የምትሄደው እናቴም፣ ለዱዓ እጃቸውን የሚዘረጉት ጎረቤታችን ሀጂም ከአርስቶትል አምላክ ጋር ጉዳይ የላቸውም። የሚሰማ ነው የሚፈልጉት። ሙስሊሙ ፈላስፋ መሐመድ ኢቅባልም እ.ኤ.አ. በ1930 በታተሙት ንግግሮቹ፣ ኋይትሄድን እየጠቀሰ፣ ፈጥሮ ያላበቃ፣ ሁልጊዜ የሚፈጥር አምላክን ተሟግቷል። እሱንም ፈረንጅ እንበለው?

አንድ ነገር ልተውላቸው። የኋይትሄድ አምላክ ዓለምን ከምንም አልፈጠረም፤ ያግባባል እንጂ አያስገድድም። ይህ ለቤተ ክርስቲያንም ለመስጊድም አይዋጥም። እኔንም ይተናነቀኛል። በዚህ ቢሞግቱን ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ እንከራከር ነበር።

አሁን ሰሌዳው ላይ በምትኩ የተጻፈው ርዕስ «የጊዜ አጠቃቀም» ነው።